የኤመሪ ጠማማ መንጠቆ

በሃዝል ወንዝ ዳርቻ ከእኔ የበለጠ ዓሣ የያዘ ሰው የለም። ካለም ገና አልተወለደም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ባስ የሚባለውን አፈ ጠባብ ዓሣ ሳሳድድ ኖሬያለሁ፤ ዓሦቹ የእግሬን ኮቴ ሲሰሙ ለልጆቻቸው ይናዘዛሉ ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ይባላል።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ እኔም አልፎ አልፎ እናገራለሁ፣ የዝናዬ ግማሽ የኤመሪ ነው። ኤመሪ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ነው። ራሱ ላይ የእርሳስ ብረት ያለው መንጠቆ ሞርሳ ላይ ያጠብቅና የአጋዘን ጭራ ጸጉር በክር ይጠመጥምበታል። ጂግ እንለዋለን። የኤመሪ ጂግ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነፍስ ይዘራል። ከሦስት ወረዳ ሰው ይመጣል፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ይላል፣ የናዲንን የእንጆሪ ኬክ ይበላል፣ ጂጉን ይዞ ይሄዳል።

ባለፈው መኸር ስኳር በሽታው የኤመሪን ዓይን ወሰደው። ጸደይ ሲገባ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር የቀረው ነገር አልነበረም።

በሰኔ አንድ ዓርብ ቤቱ ሄድኩ። ሞርሳው ጠረጴዛው ላይ የለም። ክሩም፣ ጸጉሩም፣ የእርሳስ ራሶቹም በካርቶን ታሽገው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ሰኞ ቤተ ክርስቲያን የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ አለ» አለ ኤመሪ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ። «ለዚያ ይሂድ።»

«ሞርሳው? አብደሃል?»

«በዚህ ሳምንት ዐሥራ ሁለት አስሬ ነበር፤ በዳሰሳ። ናዲን፣ አሳዪው እስቲ።»

ሚስቱ ናዲን አንድ ጣሳ አምጥታ መዳፌ ላይ ገለበጠችው። አምላክ ይማረኝ፣ እንደዚያ ያለ ጂግ አይቼ አላውቅም። ራሱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ጸጉሩ እንደ ሰካራም ጢም የተንጨባረረ።

«ቡናማ ክር መስሎት ብርቱካንማውን ነው ያሰረው» አለች ናዲን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም» አለ ኤመሪ።

«በጣም ያምራሉ!» አልኩ። «ነገ በእነዚህ እይዝባቸዋለሁ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው...» ብዬ ምላሴን ነከስኩ። ከአፍ የወጣ ግን አይመለስም።

ኤመሪ ሳቀ፤ ያለ ደስታ። «ብትይዝም ይዣለሁ ትላለህ፣ ባትይዝም ይዣለሁ ትላለህ። ያንተ ቃል ለኔ ምን ያደርግልኛል? አምና ዓሣ ታንኳዬን ሁለት ማይል ጎተታት ብለህ የማልክ ሰው አይደለህም?»

«ሦስት ማይል ነው።»

«አየህ?»

ናዲን መኪናዬ ድረስ ሸኘችኝ። የበሩን እጀታ ይዛ፣ «ዶይል» አለችኝ፣ «ያ ካርቶን ከዚህ ቤት ከወጣ፣ ኤመሪ ከዚያ ወንበር አይነሳም። አውቀዋለሁ። የሚያምነው ነገር አምጣልኝ።»

የሚያምነው ነገር። ከእኔ! በበጋ በረዶ ብትጠይቀኝ ይቀለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ታንኳዬን ወንዙ ላይ አወረድኩ። ዝናብ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ስለነበር ውሃው ወርዷል፤ ጥርት ከማለቱ የተነሳ ሁለት ሜትር ታች ያለው ጠጠር ይቆጠራል። እና አሁን የምናዘዘው ነገር አለ። የኤመሪን ጂጎች ከኪሴ አላወጣኋቸውም። ካልያዙልኝ እውነቱን ማወቅ ሊሆንብኝ ነው፤ ያንን አልፈለግሁም። በራሴ ዕቃ ልያዝና በኤመሪ ጂግ ነው የያዝኩት ልበል፣ ብዬ አሰብኩ። ለመልካም ነገር የሚዋሽ ውሸት ደግሞ ለእኔ እንደ ዕረፍት ቀን ነው።

የዕቃ ሣጥኔን ለማንሳት በቅሎ ያስፈልጋል። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀውን ወረወርኩ። ጫማዬን የሚያህለውን ቀይ ዓይናማ የእንጨት ዓሣ ወረወርኩ። እንደ ማንኪያ የሚሽከረከረውንም። ባሶቹ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ይመለሳሉ። አንዱማ፣ እምላለሁ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ፀሐይዋ ስትበረታ ጠጠሩ ላይ ወጣሁና ሳንድዊቼን እየገመጥኩ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ኤመሪ ትዝ ያለኝ። ኤመሪ ወንዝ ሲደርስ ሣጥኑን አይከፍትም። መጀመሪያ ጎንበስ ይልና ድንጋይ ይገለብጣል፤ ከሥሩ ያለው የወንዝ ሸርጣን ምን ዓይነት መልክ እንዳለው ያያል፣ ከዚያ ይመርጣል። ባስ በበጋ ከዚያ ጭራማ ሸርጣን ሌላ እምብዛም አያምረውም። እኔ ለድንጋይ ጊዜ የለኝም፤ ዝነኛ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ገለበጥኩ።

አንድ ሸርጣን የኋሊት ተፈናጠረ። ቡናማ ነው። የመቆንጠጫው ጫፍ ግን ብርቱካንማ።

ከኪሴ አንዱን የኤመሪ ጂግ አውጥቼ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። ወንድማማች ይመስላሉ።

ወፍራሙን ክር ፈትቼ፣ ውሃ ውስጥ የማይታይ ቀጭን ክር አሰርኩና ከትልቁ ቋጥኝ በላይ ወረወርኩት። የደህናው ጂግ ራስ ቀጥ ብሎ ይሰምጥና ይቆማል። ይሄኛው ጠማማ በመሆኑ በጎኑ ወደቀ፤ ወራጁ ውሃ ሲገፋው እንደሚሸሽ ሸርጣን ጠጠሩ ላይ ተንፏቀቀ። አንድ። ሁለት። ክሩ ወደ ጎን ሄደ።

ስለ ትግሉ አላወራም። ማውራት ስለማልችል አይደለም፤ ምክንያቱ ወደፊት ይገባችኋል። ብቻ ዓሣው ሁለቴ ከውሃው ዘሎ ወጣ፣ ከዚያም እጄ ላይ ተኛ፤ ነሐስ የመሰለ፣ ዓይኑ ቀይ። መቅዘፊያዬ ላይ ኢንች በኢንች የተቀረጸ መለኪያ አለ። ዓሣውን አጠገቡ ዘረጋሁት፤ እንደ ልማዴም በቢላዬ ጭረት ሠራሁ። ሃያ ኢንች ተኩል። በሕይወቴ የመጀመሪያው እውነተኛ ሃያ ኢንች። ቀና አድርጌ ውሃው ውስጥ ያዝኩት፤ ሲበረታ ለቀቅኩት። እኛ ባስ አንበላም።

ስልኬ መኪና ውስጥ ነበር። ምስክሬ አንድ ኤሊ ብቻ።

በመንገድ ላይ ነው ላብ ያጠመቀኝ። ሃያ ኢንች ተኩል ብዬ ልንገረው? እኔ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከሃያ በታች ይዤ አላውቅም፤ ማለቴ፣ በአፌ። ኤመሪ ይህን ሲሰማ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ካርቶኑን መኪና ላይ ጫኑት።

ገባሁ። ናዲን ባቄላ ትቀቅላለች፤ ኤመሪ ያው ወንበሩ ላይ ነው።

«እህ» አለ፣ «ስንት ሆነ? አርባ?»

ጥርሴን ነከስኩ። «ዐሥራ ሦስት።»

«ሜትር?» አለ ኤመሪ።

«ኢንች።»

ናዲን ማንኪያዋን ጣለች። ኤመሪ ወደ ድምፄ ቀስ ብሎ ዞረ። «ታመሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። አንድ ዐሥራ ሦስት ኢንች። ጠዋቱን ሙሉ በራሴ ዕቃ ሞክሬ ባዶ ነበርኩ። በአንተ ጂግ አንድ ያዝኩ። ትንሽ ተወራጨ፣ ለቀቅኩት። ይኸው ነው።» እያንዳንዱ ቃል እንደ መንጋጋ ጥርስ ተነቅሎ ነው የወጣው።

«በራሴ ዕቃ ባዶ ነበርኩ አልክ?»

«ባዶ።»

ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ድንጋይ ገለበጥክ?»

«ገለበጥኩ። መቆንጠጫው ብርቱካንማ ነው፤ እንደ ክርህ። ራሱ ጠማማ ስለሆነም ሲወድቅ ይንፏቀቃል።»

«ይንፏቀቃል...» ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ የሌለ ክር መጠምጠም ጀመሩ። «እንግዲህ ሆን ብዬ ላጣምመው ነዋ! ናዲን፣ ያን ሞርሳ አውጪው። ለቤተ ክርስቲያኑ የኔን አሮጌ ኮት ስጫቸው።»

ናዲን ጀርባዋን ሰጥታን ባቄላውን ማማሰል ቀጠለች። ማንኪያዋ ግን አሁንም ወለሉ ላይ ነበር፤ በባዶ እጅዋ ከድስቱ በላይ አየር ነበር የምታማስለው።

በሳምንቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ኤመሪን ታንኳው ላይ አሳፈርኩት። አዲስ ጠማማ ጂጎቹን በጣሳ ይዟል። ወንዙ መሃል ስንደርስ፣ «መቅዘፊያህን ስጠኝ፣ እጄ ሥራ ፈታ» አለ። ሳላስብ ሰጠሁት።

ጣቶቹ እንጨቱ ላይ ሄዱ። ቆሙ። ተመለሱ። ደግመው ቆጠሩ።

«ዶይል። ይሄ ጭረት አዲስ ነው። ገና ሻካራ ነው።»

«የድሮ ነው።»

«ሃያ ተኩል ላይ ነው።»

ኤሊዎቹን ማየት ጀመርኩ።

«ለማን ነገርክ?» አለኝ።

«ለማንም።»

«ስምንት ቀን ሙሉ? አንተ?»

«ክብደት ቀንሻለሁ» አልኩት፤ እውነቴን ነው።

ታንኳዋ ልትገለበጥ እስክትደርስ ሳቀ፤ እንባውን በእጀታው ጠረገ። ከዚያ አንድ ጂግ ከጣሳው መርጦ ክሩን በከንፈሩ አርጥቦ ቋጠረው፤ ዓይን ካላቸው ሰዎች ሁሉ ቀድሞ። መቅዘፊያዬንም መለሰልኝ።

«በል» አለኝ፣ «አሁን እንደ ልማድህ አድርገህ ንገረኝ። ምንም አታስቀር።»

ደረቴን ነፋሁ። «ኤመሪ ወንድሜ» አልኩ፣ «መጀመሪያ ታንኳዋን አራት ማይል ጎተታት...»