የተከበሩ ተከራይ

የሕዝብ ተወካዩ ከጓሮ ቤታቸው ወጥተው ወደ ፓርላማ ለመሄድ በአከራያቸው ሳሎን መስኮት ሥር ማለፍ ግድ ነበር። ሌላ መውጫ የለም። በምክር ቤቱ አዳራሽ ስማቸው ሲጠራ «የተከበሩ» የሚለው ቃል ይቀድማል፤ በግቢው ውስጥ ግን ስሙ ቀርቶ «የተከበሩ» ብቻ ሆነዋል። አከራይዋ ቃሉን የምትጠራበት የራሷ ቅላጼ አላት። «የተከበሩ፣ ቧንቧውን ዝጉት እንጂ!» «የተከበሩ፣ በረንዳው ላይ ልብስ አይሰጣም ብያለሁ!» ክብር በዚህ መልክ ሲመጣ ምነው ተዋርጄ በኖርኩ ያሰኛል። አንባቢ ይቅር ይበለኝና፣ ሴትዮዋን አንቱ ልበላት ብል አንደበቴ እምቢ አለኝ።

ተወካዩ ድሮ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ለእጩነት የቀረቡት ፓርቲው «እስቲ አንድ መምህር ጣል ይደረግበት» ባለበት ዓመት ነው። ተመረጡ። ከዚያ ወዲህ በአዳራሹ ውስጥ እጃቸው ታይቶ ያውቃል እንጂ ድምፃቸው ተሰምቶ አያውቅም። ባልደረቦቻቸው ቤት ሲሠሩ፣ ሲገዙና ሲያከራዩ እሳቸው ሲከራዩ ኖሩ። ንጹሕ ሰው ስለሆኑ ነው እንዳንል፣ ማንም ና ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም።

አብረዋቸው የሚኖሩት እናታቸው ናቸው። የእናታቸው ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ቤት በተቀየረ ቁጥር ግን እንደ አዲስ ይታወራሉ። ከአልጋ ተነስቶ ሽንት ቤት ለመድረስ ልጅ መጥራት፣ ክንድ መያዝ፣ «አስቸገርኩህ ልጄ» ማለት ይመጣል። በዚህ በጓሮ ቤት ግን ግድግዳውን ተማሩት። ከራስጌያቸው ልስኑ የተላጠበት ቦታ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ካላንደር ተሰቅሎበት የነበረ ሚስማር፣ ከሚስማሩ የሚጀምር ስንጥቅ፣ ስንጥቁ ሲያልቅ ደግሞ በሩ። ለሌላ ሰው ያ ግድግዳ እድሳት የሚለምን ነበር፤ ለእሳቸው ግን ጥርጊያ መንገድ ነው። ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ብቻቸውን ይገባሉ። አልፈው ተርፈውም «አምፖሉ ሲጮህ ይሰማኛል፣ አጥፋው እንጂ፣ ሴትዮዋ ትነሳብሃለች» እያሉ ልጃቸውን ይቆጣሉ።

ታዲያ ይህን ግድግዳ የሚነጥቅ ሕግ ለውሳኔ ቀረበ። ስሙ «የአከራይና ተከራይ መከባበር አዋጅ» ነው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ አከራይ ተከራዩን በወር ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ምንም ምክንያት ማስወጣት ይችላል። ነባሩ ሕግ ምክንያት ይጠይቃል። መከባበሩ የቱ ጋ እንደሆነ ለሚጠይቅ መልሱ ተዘጋጅቷል፤ ምክንያት መዘርዘር ተከራዩን ማሳፈር ነው።

አከራይዋ የጓሮ ቤቱን ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ቃል ገብታ የአዋጁን መጽደቅ ቁጭ ብድግ እያለች ትጠብቅ ነበር። በውሳኔው ቀን ጠዋት በመስኮቷ ብቅ አለች።

«የተከበሩ! ዛሬ በቀጥታ ስርጭት ነው አሉ?»

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲህ እጅዎን አየዋለሁ። ቴሌቪዥኔ ትልቅ ነው።»

ቀደም ሲል እናታቸውም ራዲዮናቸውን እየነካኩ ጠይቀዋቸው ነበር። «ምን ልትል ነው ዛሬ?»

«እማዬ፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ። ቢያልፍም ባያልፍም በእኔ አይደለም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። በገዛ እጅህ እንዳታስወጣኝ ብዬ ነው።»

እስከ ፓርላማው በር ድረስ የእናታቸው ንግግር የተከበሩን አንጀት እየበላ ሄደ፤ በሩ ላይ ሲደርሱም ቆረጡ። ዛሬ እቃወማለሁ አሉ። አዋጁ ይለፍ፣ ፓርቲው ይገምግመኝ፣ ሴትዮዋም ዕቃዬን ትወርውር፤ እናቴን ግን እኔ አላስወጣም።

ክርክሩ ተጀመረ። ክርክር ማለት በዚያ ቤት አንድን ሐሳብ በብዙ አፍ መናገር ነው። ቀድሞ የተነሳው ተከራዮቹ «ባለ አምስት ፎቁ» የሚሉት ተወካይ ነበር። መሐረቡን ከኪሱ አወጣ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እኔ ተከራዮቼን እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው» ብሎ ደረቅ ዓይኑን ጠረገ። «ልጅ ደግሞ ሲያድግ ከቤት ይወጣል። መውጣት እኮ የእድገት ምልክት ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥላ «ባለ ቪላዋ» የሚሏት ተወካይ ተነሳች። «አንድ ቦታ ተጎልቶ መኖር ለጤናም አይበጅ። ፍራሽ መሸከም፣ ቁም ሳጥን ማንሳት ስፖርት ነው። ከዚያም አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ጎረቤት! እኔማ አንዳንዴ እቀናባቸዋለሁ።» የቅናቷን ያህል ግን ቪላዋን ለቃ የመውጣት ሐሳብ አላቀረበችም። በመጨረሻም አንድ አዛውንት ተወካይ ከእንቅልፋቸው ተቀስቅሰው «ተከራይ የሚለው ቃል ትርጓሜ ይሰጠው፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ብዙዎቻችን አናውቅም» አሉ። ተከራዩ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር።

የፓርቲው ተጠሪ በወንበሮቹ መሃል እየተዘዋወረ በየጆሮው «ያው እንደተነጋገርነው» ይላል። የተከበሩ ጋ ሲደርስ ያንንም አላለ። በእሳቸው እጅ የሚጠራጠር ሰው የለም።

በዚያ ቤት ድምፅ የሚሰጠው በመስማት ሳይሆን በልማድ ነው። አፈ ጉባኤው መጀመሪያ «የምትደግፉ» ይላሉ፣ እጁ ሁሉ ይነሳል። ቀጥለው «የምትቃወሙ» ይላሉ፣ ማንም የለም። አዳራሹ ከተሠራ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥሪ እንደ ትምህርት ቤት ደወል ሆኗል፤ ሲደወል ይነሳሉ እንጂ ምን ተባለ ብሎ የሚያዳምጥ የለም።

የተከበሩም እቅዳቸውን ያወጡት በዚሁ ልማድ ላይ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ እጅ አይነሳም፣ በሁለተኛው ይነሳል፣ በቃ። ግን ቀኝ እጃቸውን አላመኑትም፤ ከመልመዱ የተነሳ ሳያማክራቸው ብድግ ሊል ይችላል። በጠረጴዛው ሥር በግራቸው ጥርቅም አድርገው ያዙትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አፈ ጉባኤው ርቧቸዋል። የምሳ ሰዓት አልፏል፣ ድምፅ የሚያሰጡበትን ወረቀት በችኮላ ሲያነሱትም አውራ ጣታቸው የላይኛውን መስመር ሸፍኖት ነበር። ዓይናቸው ያገኘውን መስመር አነበቡ።

«የምትቃወሙ?»

እጅ ሁሉ ተነሳ። ባለ አምስት ፎቁ ቀድሞ አነሳ፣ ባለ ቪላዋ አምባሯን እያንቀጫቀጨች አነሳች፣ አዛውንቱ ተመልሰው እንደተኙ አነሱ። ተጠሪው ራሱ ለአርአያነት ክንዱን እስከ ብብቱ ዘረጋ። የተከበሩ ከገዛ ልባቸው ድለቃ በቀር የሚሰሙት አልነበረም። የእጅጌዎቹ ኮሽታ ብቻ ደረሳቸውና «ይኸው አለፈ፣ አለሁበት አልባልም» አሉ በሆዳቸው። ጸሐፊዎቹ ቆጠሩ። አፈ ጉባኤው አውራ ጣታቸውን ሲያነሱ ከሥሩ አንድ መስመር ቀርቶ አገኙት። ለምን እዚያ እንደቀረ ለመመርመር ሆዳቸው ጊዜ አልሰጣቸውም።

«የምትደግፉ?»

የተከበሩ እጃቸውን ለቀቁት። ሲለቁት ሽቅብ ተመነጨቀ። በቃ እጅ ማንሳቱም አልበቃቸውም፣ ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ። በዕድሜያቸው እንዲያ ኮርተው አያውቁም፣ እናቴ ትስማ፣ አገር ይስማ አሉ። ዓይናቸውን ሲገልጡ አዳራሹ ጭጭ ብሏል፤ ካሜራው አፍንጫቸው ድረስ ቀርቧል።

«አንድ ድጋፍ» አሉ አፈ ጉባኤው። «ድምፀ ተአቅቦ? የለም። አዋጁ በአንድ ድጋፍና በቀሪዎቹ አባላት ተቃውሞ ውድቅ ሆኗል፤ በዚህ የሥራ ዘመንም ተመልሶ አይቀርብም።» መዶሻውን መቱ። ያሉት ነገር የራሳቸው ጆሮ የደረሰው ከመቱ በኋላ ነው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

ተሳስተናል ብሎ ማረም ይቻል ነበር። ግን ለዚያ አንድ ሰው ተነስቶ፣ በቀጥታ ስርጭት፣ «ምን እንደተባለ አላዳመጥኩም» ማለት ነበረበት። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ምርጫ አልተመረጠም። የተከበሩም አፋቸውን ከፍተው መልሰው ገጠሙት፤ እሳቸውም አላዳመጡማ።

ቀድሞ ነፍስ የዘራው ባለ አምስት ፎቁ ነበር። መሐረቡ እንደገና ወጣ። «ታሪካዊ ቀን ነው! ከኪሳችን የወገናችንን እንባ አስቀደምን!» ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ወደ የተከበሩ ጠቆመ። «አንድ ባልደረባችን ግን ተከራይ ይባረር ብሎ ቆሞ ጭምር ደግፏል። ለታሪክ እንተወው።» ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳ ደረሰ።

የተከበሩ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤት ሄዱ። በግቢው በር አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ፣ እንደሳቸው ተከራይ፣ በየቀኑ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» የሚላቸው ሰው፣ ፊቱን ወደ ስፌት መኪናው አዞረ። ያ ከግምገማም ከስድብም ይልቅ አመማቸው። ቢሆንም በሐፍረቱ ሥር አንድ ደስታ ተደብቆ ነበር፤ አዋጁ ወድቋል፣ እናታቸው ግድግዳቸውን ይዘው ይኖራሉ።

አከራይዋ የግቢውን የመኪና መግቢያ በር በሁለቱም ክንፍ ከፍታ ጠበቀቻቸው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«የተከበሩ! ገና ዛሬ እውነት ተከበሩ! ያን ሁሉ ቤት የደረደሩት ከሃዲዎች ጉድ ሲሠሩን፣ ለእኛ ለአከራዮች አንድ ወንድ ተገኘ፤ እሱም የገዛ ተከራዬ!»

«እትዬ፣ እኔ እንኳን...»

«ዝም ይበሉ፣ ትሕትናዎን አውቀዋለሁ! እርስዎን የመሰለ ሰው ጓሮ ይኖራል? ሰው ምን ይለኛል? ፊት ለፊት ያለውን አዲሱን ቤት ሰጥቼዎታለሁ። ዕቃዎን አስወጥቼ አስገብቼዋለሁ፣ እናትዎንም ደግፈን አስገብተናቸዋል። ለጓሮው አያስቡ፣ የባንኩ ልጅ ዛሬውኑ ይገባበታል።»

የተከበሩ ክው አሉ። እምቢ ለማለት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ «እኔ የተነሳሁት ልቃወምሽ ነው» ማለት። ያን ካሉ ደግሞ አዲሱም የለ፣ ጓሮውም የለ፣ መንገድ ነው። አዋጅ ያልቻለውን ምስጋና በአንድ ከሰዓት ጨረሰው።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አሉ።

አዲሱ ቤት ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ግድግዳው ልሙጥ ነው፤ የተላጠ ልስን የለው፣ ሚስማር የለው፣ ስንጥቅ የለው። እናታቸው ከአልጋው አጠገብ ቆመው በመዳፋቸው ግድግዳውን ወደ ግራ ዳበሱ፣ ወደ ቀኝ ዳበሱ። ጣቶቻቸው ነጭ ቀለም ነክተዋል።

«መጣህ?» አሉ። «በራዲዮ ስምህ ሲጠራ ሰማሁ።»

«እማዬ፣ እኔ መቃወሜ ነበር። ስምሽን ይዤ ነው የተነሳሁት።»

«አምንሃለሁ» አሉ እናታቸው። ግድግዳውንም ደግመው ዳበሱና ተዉት። በሩ ወዴት እንደሆነ አላገኙትም።

«በል እንግዲህ» አሉ፣ ክንዳቸውን ወደ ባዶው ዘርግተው፣ «ያቺን ያነሳሃትን እጅህን አምጣት፤ ሽንት ቤት ታድርሰኝ። አስቸገርኩህ ልጄ።»