ከእልፍ በላይ

ሸህ አብዱሰመድ ማሽላው መሃል ከተሠራው ማማ ላይ ቆመው ባዶ ጀሪካን በዱላ ይደልቃሉ። ከጠዋት ጀምሮ ከአፋር በኩል የሚተመው አንበጣ የቆቦን ሜዳ አልብሶታል፤ ፀሐይዋ እንኳ ደብዝዛለች። በደለቁ ቁጥር ጥቂቱ ብድግ ይልና ተመልሶ እዚያው ዛላ ላይ ያርፋል።

ልጃቸው ሳሊሀ ከማማው ሥር ሆና ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪም ከባድ ሥራ ከልክሏቸዋል። ከምታስተምርበት ከተማ በባጃጅ የመጣችው እሳቸውን ለማውረድ ነበር።

«አባ፣ ይበቃዎታል። ይውረዱ።»

«ሊሄዱ ነው። እየሳሱ ነው።»

አልሳሱም። ለመነቻቸው፤ አለቀሰች፤ አልሰሟትም። በመጨረሻ እንደ ሒሳብ መምህርነቷ በቁጥር ሞከረች።

«ስንት እንደሆኑ ያውቃሉ? ቢሊዮን ይሆናሉ።»

«እልፍ ማለት ነው?»

«ከእልፍም በላይ ነው። አንድ፣ ሁለት እያሉ፣ ሳይተኙ፣ ሳይሰግዱ ቢቆጥሩ፣ እኔ ከተወለድኩ እስከ ዛሬ ያለው ጊዜ አይበቃዎትም።»

ዱላው አየር ላይ ቀረ። አባቷ ትክ ብለው አዩዋት። እሷን ያዘሉበት፣ ትምህርት ቤት ያደረሱበት፣ እናቷን የቀበሩበት ዘመን ሁሉ በአንበጣ ሲሞላባቸው ፊታቸው ላይ አየችው።

ወረዱ። ለጥቂት ጊዜ ደስ አላት።

ግራር ሥር ጀርባቸውን ለማሳው ሰጥተው ተቀመጡ። ከጎረቤት ማሳዎች ጩኸትና የጅራፍ ድምፅ ይሰማል፤ የእሳቸው ማሳ ብቻ ዝም ብሏል። ዝም ባለው ማሳ ውስጥ አንበጣው ሲቆረጥም በደረቅ ቅጠል ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል።

«አባ፣ እኔ ወጥቼ ልደልቅ?»

«ለምን?» አሏት። ሊገሥጿት አልነበረም፤ መልሱን ከእሷ ፈልገው ነበር።

ወደ አመሻሹ ላይ መንጋው ተነሥቶ ወደ ዋጃ አቀና። ከማሽላው የቀረው አገዳ ነው።

«ዋጃ ላለችው አክስትሽ ደውዪላት» አሉ ሸህ አብዱሰመድ ቀና ሳይሉ። «ኡሙሰልማ ገና አላጨደችም። እየመጡ ነው በያት። ቁጥሩን ግን እንዳትነግሪያት።»

ደወለች። ከአክስቷ ድምፅ ኋላ የቆርቆሮ ኳኳታ ይሰማል።

«ሰምተናል፣ ተዘጋጅተናል! ኢንሻአላህ እናባርራቸዋለን» አለች ኡሙሰልማ። «ብዙ ናቸው እንዴ፣ ሳሊዬ?»

ሳሊሀ አባቷን አየች። እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ሄሎ?» ትላለች አክስቷ። «ሄሎ? ሳሊዬ?»