የካሴቱ ጀርባ

«መጀመሪያ ቀዩን አሳየኝ። ቀዩ የቱ ነው?»

ወይዘሮ አትጠገብ ይህን ያሉት ገና የሱቁን ደፍ ሳይሻገሩ ነው። በአንድ እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠዋል፤ በሌላው ደረታቸውን ደግፈዋል። ነጠላው ጫፍ ላይ የእቁብ ብራቸው ተቋጥሯል። ደረታቸው ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ካሴት አለ። ብሩ ቢጠፋ አንድ ቀን አልቅሰው ይተዉታል። ካሴቱ ቢጠፋ ግን... እሱንስ አፌም አይናገረው፣ አሉ በሆዳቸው።

ዲሪዬ ከጨርቅ ጣቃዎቹ ኋላ ብቅ አለ። ከፊት የሚሸጠው ሽርጥና ሻሽ ነው። በሐርጌሳ በኩል የሚመጣው ሬዲዮና ቴፕ ከጣቃዎቹ ኋላ፣ የፊናንስ ፖሊስ በማያየው ጥግ፣ ጆንያ ለብሶ ይቀመጣል። ቀጭን ሰው ነው፤ መነጽሩ በሽቦ የተጠገነ፣ በገዛ ቀልዱ ቀድሞ የሚስቅ።

«ኤዶ፣ ሰው ቴፕ ሲገዛ ድምፁን ይጠይቃል። አንቺ ቀለሙን! ቀሚስ መሰለሽ?»

«ኤዶ» በሶማልኛ አክስቴ ማለቱ ነው። «እርስዎ» የሚባል ነገር ካፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ወይዘሮ አትጠገብም ጅጅጋ ተወልደው ጅጅጋ ያረጁ ናቸውና አይቀየሙትም።

«ቀልዱን ተወኝ ልጄ። ያን የሚቀዳውን ቁልፍ ነው የምልህ። እሱ ያለበትን አልፈልግም። ዓይኔም እንዲያየው አልፈልግም።»

«እማማ ደግሞ!» አለች የልጅ ልጃቸው ብርቄ ከኋላቸው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ገና ከመግባቷ ዓይኗ ከጆንያው ሥር ጎኑ ብልጭ ባለ ትልቅ ቴፕ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። «ባለ ሁለት ስፒከር ነው! እንደዚህ ያለውን እኮ ነው ስልሽ የነበረው።»

«ዝም በይ። መጀመሪያ ልጠይቅ።»

ወይዘሮ አትጠገብ ቀዩን ቁልፍ የሚፈሩት ያለ ነገር አይደለም። አንድ ልጃቸው ሀብተየስ እዚሁ ጅጅጋ አስተማሪ ነበር። ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ በደብዳቤ ፋንታ ይህን ካሴት በአንድ ፊቱ ቀድቶ፣ ለእረፍት በመጣ አሥር አለቃ ከተማ በሚባል ጓደኛው እጅ ላከላቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ከአራት ወር፣ ድምፁም ወረቀቱም የለም። አሥር አለቃውም ወደ ግንባር እንደተመለሰ ቀረ። ጦር ሰፈሩ ሄደው ሲጠይቁ «ስሙ አልደረሰንም እናት፣ ይጠብቁ» ይሏቸዋል። ይጠብቃሉ። ቴፕ ስለሌላቸው እሑድ እሑድ ግድግዳ ከምትጋራቸው ከጎረቤታቸው ከኬሪያ ቤት እየሄዱ፣ ከብርቄ ጋር አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙታል። ብርቄ የሀብተየስ ልጅ ናት፤ እናቷ ድሬዳዋ ሌላ ትዳር ይዛለች።

ባለፈው እሑድ፣ ልክ ሀብተየስ የሚስቅበት ቦታ ሲደርስ፣ የኬሪያ ወተት ገነፈለ። ቴፑ ቆመ፤ ኬሪያ ወደ ምድጃው ሮጠች። ተመልሰው ሲያሰሙት ሳቁ የለም። በሳቁ ቦታ የድስት ክዳን ሲወድቅና ኬሪያ «ወተቴን! ወተቴን!» ስትል ይሰማል። ወዲያው ሀብተየስ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወሬውን ይቀጥላል። ሳቅ ብቻ ነው የጠፋው፤ አንዲት ቃል እንኳ አልጎደለችም። ወይዘሮ አትጠገብ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጡ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እውነት ነው። ያን ሳቅ በልባቸው ሊያስታውሱት ሲሞክሩ የሚመጣላቸው የድስት ክዳን ነው።

«ማን ነው የነካው?» አለ ዲሪዬ ታሪኩን ሰምቶ።

«የኬሪያ ቴፕ ብልሹ ነው» አለች ብርቄ።

ወይዘሮ አትጠገብ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱት፤ መልሰው ቋጠሩት።

«ቴፑ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ጣቱ የኔ ነው። ኬሪያ 'አቁሚው' ብላኝ ሄደች፤ አቆምኩት። እስክትመጣ ሳቁን ሳልሰማ መቆየት አላስችል አለኝ። ላስነሳው ብዬ ቀዩን ተጫንኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ 'ቴፕሽ ተበላሽቷል' አልኳት።»

ብርቄ አያቷን አየቻቸው። ዲሪዬ መነጽሩን አወለቀና በሽርጡ ጫፍ ጠረገው።

«ሃዬ» አለ። «ቤትሽ ስንት ክፍል ነው?»

«ቤቴን ምን አደረገህ?»

«ኤዶ፣ ቴፕ እንደ ጫማ ነው። ለሰው አይሸጥም፤ ለእግሩ ነው የሚሸጠው።»

«አንዲት ክፍል ናት። ጣሪያው ቆርቆሮ። ከኬሪያ የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ ከዚህ 'ይማርሽ' እላለሁ።»

ዲሪዬ ይኼኔ ሳቀ። ሦስት ዕቃ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አንደኛው ብርቄ ያየችው ባለ ሁለት ስፒከሩ ነው። ሁለተኛው ማሰማት እንጂ መቅዳት የማይችል፣ እጀታ ያለው ትንሽ ነገር ነው። ሦስተኛው እንደ ጫማ ካርቶን ጠፍጣፋ፣ ባለ አንድ ስፒከር፣ ቀይ ቁልፉ ጫፉ ላይ የተቀመጠ። ወይዘሮ አትጠገብ ሦስተኛውን በክርናቸው ገፋ አደረጉት።

«ይሄን አንሣልኝ።»

«ይቀመጥ። አይነክስም።»

በመጀመሪያ በራሱ ካሴት ትልቁን አስነሣው። ኡድ የሚባለው የክር መሣሪያ ዜማ ሱቁን ሞላው፤ ብርቄ ትከሻዋን ሳታውቀው ነቀነቀች። ዲሪዬ ግን አቋረጠው።

«ይሄ ለዘፈን ነው። ላንድ ሰው ወሬ ሌላ ነው። ያንቺን ስጪኝ፤ በሱ እንፈትነው።»

«ይበላዋል።»

«ወላሂ አይበላም!»

«የኬሪያ ወንድምም እንዲሁ ምሎ የሠርጉን ካሴት እንደ ቁልቋል ሥር ጎልጉሎ ነው ያወጣው።»

ዲሪዬ አልተከራከረም። ጥጥ በአልኮል ነክሮ የቴፑን የውስጥ ብረት በሚገባ ጠረገ። ከጆሮው ላይ እርሳስ አወረደና ካሴቱ እንዲሰጠው እጁን ዘረጋ። ወይዘሮ አትጠገብ መሐረቡን ፈተው ሰጡት፤ እጃቸው ግን ካሴቱን ተከትሎ እስከ ባንኮኒው መካከል ሄደ። ዲሪዬ እርሳሱን ካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ ልል የነበረውን ክር አዙሮ አጠበቀው። ከዚያ አስገባው።

«እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል...»

ወይዘሮ አትጠገብ ዞር ብለው ኋላቸውን አዩ። ድምፁ ከግራም ከቀኝም ስለመጣ ልጃቸው ከጀርባቸው የቆመ መስሏቸው ነው። ከኋላቸው ያለው በር ብቻ ነው፤ ከበሩ ወዲያ አቧራና ውሃ የጫነ የአህያ ጋሪ።

«እኔ ደህና ነኝ። ብርቄ በሩ መቃን ላይ ከሠራሁላት ምልክት አለፈች ወይ? ስንት ጣት አለፈች?...»

በኬሪያ ቴፕ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ነበረው። ከድምፁ ኋላ ነፋስ አለ። ነፋሱ ውስጥ የሚያስል ሰው አለ፤ ሳሉ አይቆምም። ሀብተየስ በየቃሉ መካከል ሲተነፍስ ይሰማል፤ ዳገት ወጥቶ እንደመጣ ሰው። ወይዘሮ አትጠገብ ያን ትንፋሽ ያውቁታል። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጦርነቱ ከተማው ሲገባ፣ ስምንት ዓመት የሞላትን ብርቄን በጀርባው አዝሎ ካራማራን ሲሻገር አጠገባቸው እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው።

«...ውሃ ካየን ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው...»

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ሁለት ወታደሮች ከመንገድ ቆመው አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገዋል። አንደኛው ኮፍያውን አውልቆ ይዟል።

«ይቺ አገር የት ናት እናቴ?» አለ።

«አጥፋው!» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። «አጥፋልኝ ዲሪዬ!»

ልክ ሊጠፋ ሲል ግን፣ ከነፋሱ ወዲያ፣ ሩቅ፣ አንድ ሰው «ሀብተየስ!» ብሎ ሲጣራ ተሰማ። ዲሪዬ ቁልፉን ተጫነ። ወታደሮቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«ሰምታችኋል?» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። ፊታቸው አመድ ለብሷል። «ማን ነው የጠራው? ወዴት ነው የጠራው? ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰማው ይሄ ሰው አልነበረም።»

«ነበረ እማማ። የኬሪያ ቴፕ ነው ያላወጣው» አለች ብርቄ። እሷም ከትልቁ ቴፕ አንድ እርምጃ ሸሽታ ነበር።

«ይሄን አልፈልገውም። ልጄን የቀበሌ ስብሰባ አስመሰለው። እንዲህ ጮሆ እኔ ቤት ቢናገር፣ ውሃ አጣን ማለቱን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማና ነገ ማን ምን እንደሚል አላውቅም።»

«ልክ ነሽ» አለ ዲሪዬ። «ቆርቆሮሽንም ያንጫርረዋል። ደግሞ ስምንት የባትሪ ድንጋይ ነው የሚበላ፤ ብርሽ ለሱ አይደርስም፤ ቢደርስም ሆዱን ማን ይቀልባል? ለአንድ ክፍል፣ ላንድ ሰው ድምፅ፣ አንድ ስፒከር ይበቃል።»

«እንግዲያው ያን የማይቀዳውን ስጠኝ። ዋጋውን ንገረኝና ልሂድ።»

«እሱን አንግዛ!» አለች ብርቄ። ድምፅዋ ከፍ ሲል ራሷም ደነገጠች። «በእሱ እንዴት እንመልስለታለን? አባዬ እኮ የካሴቱን ጀርባ ባዶ የተወው ለመልስ ነው። 'ቃልሽን ሙዪበትና መልሰሽ ላኪልኝ' አላለም?»

«ብሏል። በማን ልላከው? ብልከውስ ድምፁም አብሮ ሊሄድብኝ አይደል?»

«እሱ አይደለም ምክንያትሽ።» ብርቄ ዓይኗን ባንኮኒው ላይ ጣለች። «የጋሼ ተሻለን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። ፍራሽ ሥር ያለውን።»

ወይዘሮ አትጠገብ ወንድማቸው ተሻለ ከሐረር የላኩትን ወረቀት ለማንም አላሳዩም ነበር። «እህቴ ሆይ፣ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ይዋል ይደር አይባልም። ተስካሩን አውጥተን የልጃችንን ነፍስ እናሳርፍ» ይላል። ወር ሆነው፤ እሺም እምቢም አላሉም። ስለዚህ ነበር ማታ ማታ ፍራሹ የሚቆረቁራቸው።

ዲሪዬ የሰው ቤት ነገር ውስጥ እንደገባ ገብቶት ጉሮሮውን ጠረገ። ጠፍጣፋውን ቴፕ ወደ መካከል ሳበ፤ ከመሳቢያው አንድ የዘፈን ካሴት አውጥቶ ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«ኤዶ፣ ጠርዙ ላይ እዪ። ግራና ቀኝ ሁለት ጥርስ አለ። አንዱ የፊቱ ዘበኛ ነው፣ አንዱ የጀርባው። ይሄ ዘፈን ነው፤ ጥርሶቹ ተሰብረዋል። አሁን ቀዩን ተጫኝ።»

«እኔ? አልነካውም!»

«ተጫኝ እልሻለሁ።»

ወይዘሮ አትጠገብ አማትበው፣ በአንድ ጣታቸው፣ ትኩስ ምጣድ እንደሚነካ ሰው ቀዩን ነኩት። አልወረደም። ጠበቅ አድርገው ተጫኑት። አልወረደም። በሁለት አውራ ጣት ተጫኑት፤ ቴፑ ባንኮኒው ላይ ተንሸራተተ እንጂ ቁልፉ ንቅንቅ አላለም።

«ጥርስ ከሌለው አይቀዳም» አለ ዲሪዬ። «ያንቺንም እንሰብርለታለን። ሁለቱንም ሰብረን ይሄን የማይቀዳውን ትወስጃለሽ። ከዚያ ማንም፣ በየትኛውም ቴፕ፣ ልጅሽን አይነካብሽም።»

«ማንም?»

«ማንም። አንቺም ጭምር።»

ካሴቱን ከትልቁ ቴፕ አወጣና ትንሿን መፍቻ አነሣ። «ይሄ የፊቱ ነው» አለ፤ ጥርሱን ከሥሩ ደገፍ አድርጎ ገፋው። ቀጭ አለ። የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ፍንካች ባንኮኒው ላይ ዘለለች። ወይዘሮ አትጠገብ የገዛ ጥርሳቸው የተነቀለ ይመስል መንጋጋቸውን ያዙ። ወዲያው ግን ትከሻቸው ወደ ታች ወረደ፤ ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። የቀረው ቀረልኝ፣ አሉ። ነፋሱም፣ ያ የሚያስለው ምስኪንም፣ የሚጣራውም።

ዲሪዬ ካሴቱን አገላበጠ። የመፍቻውን ጫፍ ሁለተኛው ጥርስ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ደግሞ የጀርባው።»

ብርቄ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

መፍቻው ሊገፋ ሲል አንድ አውራ ጣት ከሥሩ ገባ። የወይዘሮ አትጠገብ ነበር። ጥርሱን ሸፍነው ያዙት።

«ይሄን ተወው።»

«ኤዶ፣ ይወጋሻል...»

«ይውጋኝ። ይሄ ባዶ ነው፤ ባዶ ምን ይጠበቃል? ተወው አልኩህ።» ካሴቱን ከእጁ ወስደው በመሐረባቸው ጠቀለሉት። «ያን ቀዩ ያለበትን ጠቅልልልኝ። ጠፍጣፋውን።»

ክርክሩ አጭር ነበር፤ ዲሪዬ የጠራውን ዋጋ ራሱ ዝቅ አደረገው። ወይዘሮ አትጠገብ ቋጠሯቸውን ፈተው ከፈሉና ባንኮኒው ላይ የቀረውን እርሳስ አነሡ።

«ይሄን መርቅልኝ።»

«ውሰጂ። ክሩ ሲላላ በሱ አዙሪው።»

መንገድ ላይ ብርቄ ቴፑን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ እሳቸው እርሳሱን ጨብጠው፣ ነፋሱ ነጠላቸውን እያገላበጠ ሄዱ። ነፋሱ ውስጥ የሚጣራ ሰው ያለ እየመሰላቸው ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ ሁለቴም ማንም አልነበረም። ለወንድማቸው የሚጽፉትን መልስ ያሰቡት እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ አጭር ነበር፤ ገና ነኝ፣ የሚል።

ቤት ሲደርሱ ብርቄ ልትገባ ስትል ክንዷን ያዙ። የበሩ መቃን ላይ ሀብተየስ ያሰመራቸው ምልክቶች ከታች ወደ ላይ ተደርድረዋል፤ የመጨረሻዋ የብርቄ ትከሻ ጋ ቀርታለች።

«ቴፑን አስቀምጪና ጫማሽን አውልቂ።»

«ለምን እማማ?»

«ተጠግተሽ ቁሚ። ቀጥ በይ፤ ተረከዝሽን አታንሺ» አሉ፣ እርሳሱን አናቷ ላይ አጋድመው። «አባትሽ የጠየቀው ስንት ጣት ብሎ ነው።»