በኸይሪያ ሱቅ የምስጢር ቋንቋ

ኸይሪያ ሲቀላ ገበያ ባለው የጨርቅ ሱቋ ቋንቋዋን እንደ ደንበኛው ትለዋውጣለች። ከገረሴ የወረደውን በጋሞኛ ስለ ደጋው ትጠይቃለች፣ ከወላይታው ጋር በወላይትኛ ትከራከራለች፣ የቢሮ ሰው ሲመጣ ደግሞ የአዲስ አበባ አማርኛዋን ታወጣለች። የአፍ መፍቻዋ ስልጥኛ ግን የምስጢር ነው። ወንድሟ ኸሊፋ ከሀገር ቤት ዕቃ ይዞ ሲመጣ፣ ደንበኛም ልጆችም እንዳይገባቸው የሚያወሩት በእሱ ነው። ለልጆቿ ከአማርኛ በቀር በሌላ ተናግራ አታውቅም። አማርኛ ያስተምራል፣ ያስቀጥራል፤ ሌላው ምን ያደርግላቸዋል ባይ ናት።

ትልቋ ልጇ ሰልሰቢል ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልሳን ትማራለች። መምህሯ ተማሪዎቹን፣ ቤታችሁ ማን ለማን በምን ቋንቋ እንደሚናገር ታዝባችሁ ኑ ስላላቸው፣ ዕረፍቷን በሱቁ ባንኮኒ ጥግ ተቀምጣ ታሳልፍ ጀመር። እናቷ፣ ወሬ መስማትም ትምህርት ሆነ እንዴ ብላ ሳቀችባት።

አንድ ቀን ከሰዓት ኸሊፋ መጣ። ሻሺቱ የምትባል ከጫኖ የመጣች ደንበኛ ነጠላ እየመረጠች ነበር። ኸሊፋ ሰልሰቢልን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ በስልጥኛ ጀመረ። ለልጅቷ ደህና ቤተሰብ ሽማግሌ ልኳል፤ ትምህርቱ ይብቃትና ከረመዳን በፊት ትዳር አለ። ኸይሪያ፣ እሷስ ምን ትላለች ብላ ጠየቀች። እሱ፣ ኋላ ይነገራታል አለ።

ሰልሰቢልን ስልጥኛ ማንም አላስተማራትም፤ ግን ከልጅ የሚደበቅ ወሬ መቼም ከልጅ ጆሮ አያመልጥም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሁሉ ይገባት ነበር፤ ከአፏ ግን ወጥቶ አያውቅም።

«አጎቴ፣» አለች በስልጥኛ፣ እንደ ሕፃን እየተኮላተፈች፣ «እኔ እዚሁ አለሁ። መማር ነው የምፈልገው።»

ኸሊፋ መልስ ፍለጋ እህቱን አያት። ኸይሪያ አፈረች። ልጇ በእናቷ ቋንቋ አፏን የፈታችው ለልመና መሆኑ አንጀቷን በላው።

ኸይሪያ በስልጥኛ ብትመልስ ነገሩ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ሆኖ እንደሚቀር፣ ቃሏም ነገ በሽምግልና እንደሚሻር ታውቃለች። ስለዚህ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ሻሺቱም መንገደኛውም በሚሰማው አማርኛ ተናገረች።

«ልጄ ትምህርቷን ሳትጨርስ አትዳርም።»

ሻሺቱ ነጠላውን ይዛ ቀና አለችና፣ ደግ አልሽ አለቻት። ምስክር ፊት የወጣ ቃል ነውና ኸሊፋ ነገሩን ትቶ ዕቃውን መፍታት ጀመረ።

ኸይሪያ ወደ ልጇ ዞረች። ሰልሰቢልን ከወለደቻት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በስልጥኛ አነጋገረቻት።

«እስቲ ድገሚልኝ፤ ስትናገሪው ልስማሽ።»