ከመተኛትህ በፊት አሽትተው

ስድስተኛውን ብርጭቆ ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ የአዳራሹ ጫጫታ ራቅ አለላት። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር። በቢራ ፋብሪካው ላቦራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትቀምስ፣ አፍንጫዋ ሥራ ሲጀምር ጆሮዋ ሥራ ያቆም ነበር። ብርጭቆውን አንዴ አዞረችው፤ አሸተተች፤ ትንሽ ቆይታ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ሁለት ጉንጭ ጠጣች። ሁለት ብቻ።

የወይን ጠጅ ቀማሽ ይተፋል። የቢራ ቀማሽ ግን መዋጥ አለበት፤ የቢራ ምሬት ልኩ የሚታወቀው ጉሮሮ ሲደርስ ነው። ሐኪሙ በቀን የፈቀደላት ፈሳሽ ሁለት ብርጭቆ እንደሆነ፣ ሻዩም ሾርባውም የመድኃኒት መዋጫውም እዚያው ውስጥ እንደሚገባ፣ እዚህ ላሉት ሰዎች አልነገረቻቸውም። ለስድስቱ ቢራ ቦታ እንዲኖራት ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ የሚባል ነገር አልቀመሰችም። የጠዋቱን ኪኒን የዋጠችው በምራቋ ነበር።

ነጥቧን ወረቀቱ ላይ ጻፈችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ሥራዋ አለቀ። የዛሬው ውሃዋም አለቀ።

አዳራሹ የስፖርት አዳራሽ ነው። ወለሉ ላይ የቅርጫት ኳስ መስመሮች ይታያሉ፤ በመስመሮቹ ላይ ስድስት ጠማቂዎች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው፣ በየጓሯቸውና በየምድር ቤታቸው የጠመቁትን ቢራ እየቀዱ ሰውን ያስቀምሳሉ። የመግቢያው ገቢ ለኩላሊት እጥበት ማዕከሉ አዲስ ማሽን መግዣ ነው። በሁሉም ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ፖስተር ተለጥፏል፤ «አንድ ብርጭቆ ለአንድ ሕይወት» ይላል። ከጽሑፉ በታች ሁለት ታካሚዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይስቃሉ። አንዷ እሷ ናት። ሌላው ልብስ ሰፊው ነው።

ለሁለቱም ከመድረኩ አጠገብ ወንበር ተዘጋጅቶላቸው ነበር። በሁለቱም ላይ «የክብር እንግዳ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልብስ ሰፊው ከሞተ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ፖስተሩ ከታተመ ሁለት ወር አልፎታል፤ በመካከሉ ለአዘጋጆቹ የነገራቸው ሰው የለም። እሷም አልነገረቻቸውም። የጠማቂዎቹ ሰብሳቢ፣ ሰዉ ሁሉ ጢሞ እያለ የሚጠራው፣ መድረኩን ሲከፍት «ሁለተኛው እንግዳችን በመንገድ ላይ ናቸው!» አለና ሕዝቡ አጨበጨበ። ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ጭብጨባው ሲያልቅ ቃሉም አብሮ አለፈ፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ መናገር ይብስ ከበደ።

ከልብስ ሰፊው ጋር ያገናኛቸው ወንበር ነው። እሷ አራተኛው ማሽን ላይ፣ እሱ አምስተኛው ላይ፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር። የመጀመሪያውን ወር አንገት ከመነቅነቅ በስተቀር አልተነጋገሩም። አንድ ቀን ነርሷ ሚዛን ላይ አውጥታው፣ ውሃ ሰርቆ ጠጥቷል ብላ ስትቆጣው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ፣ ይኸው ዛሬ ውሃ እየለኩ ያጠጡኛል» አለ። ቀማሿ ሳቀች። ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ መሳቅ ያማል፤ ግን ሳቀች። እሱም በምን እንደምትተዳደር ጠየቃት።

«ቢራ ቀማሽ ነበርኩ።»

«ይሄም ሥራ ሆኖ ደሞዝ ይከፈልበታል?»

ከዚያ በኋላ አራቱ ሰዓት አጭር ሆነ። ፋብሪካው ጡረታ ሲያስወጣት ያስቀረቻቸውን ትንንሽ ጠርሙሶች በቦርሳዋ ይዛ መምጣት ጀመረች፤ አንዱ ውስጥ ነጣ ያለ ብቅል፣ አንዱ ውስጥ የተቆላ፣ አንዱ ውስጥ ለቢራ ምሬት የሚሰጠው የደረቀ አበባ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል፤ እሷ ታስተምረዋለች። ለዛሬው ቀን አብረው ውሃ ሊያጠራቅሙ ተስማምተው ነበር። «ለእኔ አንድ ጉንጭ ይበቃኛል» ብሏት ነበር። «የቀረውን አንቺ ትነግሪኛለሽ።»

በቀሩት ቀናት፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በአንዲት ክፍሏ ውስጥ ድምፅ የሚያወጣው ሬዲዮኑ ብቻ ነበር። እሷም በልቧ ለሰኞ የምትነግረውን ታዘጋጃለች።

ከዚያ አንድ ሰኞ ስትገባ አምስተኛው ማሽን ላይ የማታውቀው ሰው ተኝቶ አገኘች። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ማሽን አንድ ቀን ባዶ አያድርም። ነርሷ መርፌውን እየሰካችላት፣ ፊቷን ሳታይ ነገረቻት።

«እዚህ መቀመጥ ይቻላል?»

ቀማሿ ከብርጭቆዎቹ ቀና አለች። ሃምሳ የሚሆናት፣ ጥቁር ሻርፕ ያሰረች ሴት ቆማለች። መልስ ሳትጠብቅ ከባዶው ወንበር ላይ ወረቀቱን ላጠችና ተቀመጠች። ቀማሿ በመስታወት በር ማዶ፣ ኮሪደር ላይ ከሩቅ ብቻ ያየቻት ሴት ናት፤ ባሏን ልትወስድ ስትመጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የምትጠብቅ።

«እርስዎ ነዎት ቀማሿ» አለች የልብስ ሰፊው ሚስት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ፎቶው ላይ ወፈር ብለዋል።»

«ውሃ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ከእጥበቱ በፊት የተነሳሁት ነው።»

ሴትዮዋ ፖስተሩን፣ የባሏን ሳቅ፣ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ቀብሩ ላይ አላየሁዎትም።»

«ማሽን ላይ ነበርኩ» አለች ቀማሿ። «ሰኞ ስምንት ሰዓት ነበር። ሌላ ተራ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው፤ አልተገኘም።»

«ሰኞ…» አለች ሚስቱ፣ በልቧ የምታሰላ መስላ። «እውነት ነው። የእሱም ቀን ነበር።»

ቦርሳዋን ከፍታ እንደ ኪኒን የተጠቀለለች ትንሽ ወረቀት አወጣች። ጠረጴዛው ላይ በስድስቱ ብርጭቆዎች መካከል ፈታችው። ጠቆር ያሉ የተቆሉ ፍሬዎች ነበሩ፤ ስድስት ወይም ሰባት።

«ኮቱን ለወንድሙ ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ ያገኘሁት ነው። ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው?»

የእሷ ነው። የላቦራቶሪ ጽሕፈት፣ ጠርሙስ ላይ እንደሚለጠፍ ደቀቅ ያለ። «ከመተኛትህ በፊት አሽትተው። ረቡዕ ትነግረኛለህ።»

«የእኔ ነው።»

«አንተ ነበር የሚሉት?»

«አንተ ነበር የምለው።»

«እሱስ?»

«አንቺ።»

ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ባገባሁት ጊዜ አንተ ለማለት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለች። ድምጿ ቁጣ አልነበረውም፤ ቀማሿ ቁጣ ቢኖረው በወደደች። «ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሳቁን ከበሩ ማዶ እሰማለሁ። ቤት ውስጥ እኮ አይናገርም። አፉ ውስጥ መርፌ የያዘ ነው የሚመስለው፤ ልጆቹም እኔም ለምደነዋል። ሃያ ስድስት ዓመት። እንዲያ የሚያስቀው ምን ነበር? አራት ሰዓት ሙሉ ምን ታወሩ ነበር?»

«ስለ ቢራ።»

«እኔን አያሞኙኝ።»

ይህን ጊዜ ጢሞ የነጥብ ወረቀቶቹን ሊሰበስብ እየተጣደፈ መጣ። ድሮ ፋብሪካው ውስጥ በእሷ እጅ ሥራ የለመደ ሰው ነው። ላብ በላብ ሆኗል፤ ከኋላው ሙዚቃ ተለቋል።

«እትዬ፣ አሥር ደቂቃ ቀርቶናል፤ ውጤቱን የሚያነቡት እርስዎ ነዎት።» ሻርፕ ያሰረችውን ሴት አየና ፊቱ በራ። «ባለቤታቸው ነዎት መሰለኝ! እንኳን ደህና መጡ! እሳቸውስ የት ቀሩብን?»

ቀማሿ ናት የመለሰችው።

«ዐርፏል።»

«እሰይ፣ ጥሩ አደረጉ!» አለ ጢሞ፣ በሙዚቃው ላይ እየጮኸ። «ትንሽ ይረፉ! ብቻ ለሽልማቱ ይነሱልን!» ወረቀቱን ይዞ ሄደ።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። መጀመሪያ የሚስቱ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ቀማሿ አለቀሰች ብላ እጇን ልትዘረጋ ስትል ሴትዮዋ እየሳቀች እንደሆነ አየች፤ ሳቋን በሻርፗ ጫፍ አፍና፣ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው። «ይነሱልን ይላል እንዴ!» አለች። ቀማሿም ሳቋ አመለጣት። ደረቅ ጉሮሮዋን እስኪሰነጥቃት ሳቀች። አጠገባቸው የቆሙ ሰዎች ዞረው ፈገግ አሉላቸው፤ ደስ ብሏቸው የሚጠጡ ሁለት ሴቶች መስለዋቸው።

ሳቁ ሲያልቅ ሴትዮዋ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች።

«ንገሪኝ» አለች የልብስ ሰፊው ሚስት።

ቀማሿ ብርጭቆዎቹን አየች። ቀላል መልስ ነበራት፤ «ስለ አንቺ ነበር የሚያወራው» ማለት። ግን ይህች ሴት ከሱ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖራለች፤ ውሸቱን ከቀማሿ አፍ ሳይወጣ ታውቀዋለች።

«ሽታ ነበር የማስተምረው» አለች። «ሽታ ስም ከሌለው ይጠፋል፤ እኛ ለሁሉም ስም አለን። ማር፣ ቅርንፉድ፣ ድርቆሽ፣ ብስኩት። የቀማሾች መጽሐፍ ላይ አለ። እሱ ግን የእኔን ስም አይቀበልም ነበር። የራሱን ያወጣል። የተቆላውን፣ ይሄንን፣ 'እርጥብ ሱፍ ላይ የተረሳ ካውያ' ነው ያለው። አበባውን 'አዲስ ጨርቅ ከጥቅሉ ሲፈታ'። አንዱን 'የልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ውስጡ ብርቱካን የተረሳበት' አለኝ። ያን ጊዜ ነው የምንስቀው።»

«ብርቱካኑን የረሳው ራሱ ነው» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

«አንድ ቀን ነጣ ያለውን ብቅል ሰጠሁት። ሌላውን ወዲያው ነበር የሚናገረው። ይሄን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ የተኛ መሰለኝ። ከዚያ 'ይሄ ሚስቴ ናት' አለ። 'ከዳቦ ቤት ሥራዋ ገብታ ሻርፗን ስትፈታ።'»

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አልተናገረችም። የጠርሙሱን ክዳን በችኮላ እንደዘጋችው፣ ያን ጠርሙስ ዳግመኛ ይዛ እንዳልሄደች፣ ያን ማታ ክፍሏ ውስጥ ሬዲዮኑን ሳትከፍት እንደተቀመጠች። እስከዛሬ ድረስ ውሃ ስለጠማት ነው ብላ ነበር የምታስበው። አሁን፣ ቃሉን ለባለቤቱ ስታስረክብ፣ ውሃ እንዳልነበረ አወቀች። ደግሞም አንድ ሌላ ነገር አየች፤ ከእነዚያ ሁሉ ሰዓታት በእጇ የቀረው ስም ሁሉ የሌላ ሰው ቤት ነው። ካውያው፣ ቦርሳው፣ ሻርፑ።

ሚስቱ ወደ ብርጭቆዎቹ ጎንበስ አለች።

«ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው?»

ቀማሿ ሦስተኛውን ብርጭቆ፣ ወርቃማውን፣ ገፋችላት። ሴትዮዋ ቅድም ቀማሿ ስታደርግ ከሩቅ እንዳየችው አሸተተች፤ ቀመሰች፤ ፊቷን አጨማደደች።

«ይመራል።»

«ከምሬቱ በፊት ያለውን ነው።»

እንደገና አሸተተች። ከዚያ የሻርፗን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አመጣች። አንዴ፣ ሁለቴ። ራሷን ነቀነቀች።

«አይታወቀኝም። ምንም አይታወቀኝም።» ጫፉን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላት። «እስኪ አንቺ አሽትቺው።»

ቀማሿ ጎንበስ አለች። ሙዚቃው ራቀ፤ አዳራሹ ራቀ። መጀመሪያ ሳሙና መጣ። ከሱ ሥር የሰው ላብ። ከዚያ ሥር፣ ለብ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ምድጃ የተከፈተ ይመስል፣ እሱ ያለው ነገር። ልክ እንዳለው። እሷ በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ልክ የሆነ ስም አውጥታ አታውቅም።

«አለ?»

«አለ።»

ሚስቱ ሻርፗን ሰብስባ አንገቷ ላይ መለሰች። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ሰበሰበችና ጠቀለለቻቸው። ቀማሿ የሴትዮዋን እጆች እያየች ቆየች። አንዷን ፍሬ ስጪኝ ልትል አስባ ነበር፤ ምን ብላ? ወረቀቱ ወደ ቦርሳው ገባ፤ ቦርሳው ተዘጋ።

«ሰኞ አሥር ሰዓት ስትወጪ ማነው የሚወስድሽ?» አለች ሴትዮዋ ተነስታ።

«ታክሲ።»

«ዳቦ ቤቱ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምንዘጋው።»

ከዚያ በሰዉ መካከል፣ በጠማቂዎቹ ጠረጴዛ ጥግ ጥግ፣ ወደ በሩ መሄድ ጀመረች። ቀማሿ ግብዣ ይሁን ወይም ዝም ብሎ የሰዓት ነገር ይሁን አልለየችውም።

ሙዚቃው ቆመ። ጢሞ በድምፅ ማጉያ ጠራት፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አንድ ሰው ክንዷን ይዞ ሦስቱን ደረጃ አወጣት። ማይክሮፎኑና የታጠፈ ወረቀት እጇ ውስጥ ገቡ። ከመድረኩ ላይ ሲታይ ሰዉ ሁሉ ብርጭቆ ይዟል። ስድስቱ ጠማቂዎች ከፊት ተደርድረው፣ ሽርጣቸውን እያስተካከሉ፣ ዓይኗን ዓይኗን ያያሉ።

ወረቀቱን አልከፈተችውም።

«ሁለተኛው እንግዳ አይመጣም» አለች። ማይክሮፎኑ ድምጿን አጉልቶ ከጣሪያው መለሰላት። «ሞቷል። አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ይሄን ቢራ ከእኔ ጋር ሊቀምስ ነበር። ቅድም መናገር ነበረብኝ።»

ከኋላ አንድ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። በሩ አጠገብ ጥቁር ሻርፕ ያሰረችው ሴት እጇን መዝጊያው ላይ አድርጋ ቆማለች፤ አልዞረችም፤ አልወጣችም።

ጢሞ ቅድም ያለው ትዝ ብሎት ደሙ ከፊቱ ወረደ። ጠጋ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቃት።

«እትዬ… ይቅር ይበሉኝ። ምንዎ ነበሩ?»

ቀማሿ አፏን ከፈተች። ማይክሮፎኑ ከከንፈሯ ሥር ነበር፤ ልክ የሆነውን ስም ስትፈልግ የምትስበው አየር፣ በረጅሙ፣ በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ።