ያልተደወለላቸው ሰባት ቤቶች

የንባብ ማኅበራችን አምስት ሰው ነው። በየወሩ የመጨረሻ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ልብስ ሰፊው ሱቅ እንሰበሰባለን፤ ሰፊ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸዋ። መቀሱንና ሜትሩን ወደ ጥግ ገፋ አድርገን እንቀመጣለን። የምናነበው ታሪካዊ ልብ ወለድ ብቻ ነው። ባለተራው የሚወደውን መጽሐፍ ያመጣል፣ ለምን እንደወደደው ይናገራል፣ ከዚያ መጽሐፉ በየሳምንቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

የሒሳብ መምህሩን “አራሚው” እንለዋለን። የአንድ ጦርነት ዘመን በሁለት ዓመት ከተዛነፈ እህል አይወርድለትም። ነርሷ ሚስቱ ናት፤ እሱን ዝም ማሰኘት የምትችል ብቸኛዋ ፍጡር። ጋሽ ልብስ ሰፊው ደግሞ ስለ ማንኛውም መጽሐፍ አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው፦ “ከዚህ ውስጥ ስንቱ ጨርቅ ነው፣ ስንቱ ስፌት?” እውነቱ ስንት፣ ፈጠራው ስንት ማለታቸው ነው። አምስተኛዋ እትዬ፣ ጡረታ ከወጡ የቆዩ፣ ብዙ የሚያነቡና ጥቂት የሚናገሩ ሴት ናቸው።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ተራዬ ሲደርስ ከሃምሳ ዓመት በፊት ግድብ ተደርምሶ ስላጠፋት አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ የሚተርክ ልብ ወለድ ይዤ ሄድኩ።

“ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልቅሻለሁ” አልኳቸው። “ያስለቀሰችኝ የስልክ ቤቷ ልጅ ናት። ገመድ እየነቀለች እየሰካች ሰው ከሰው የምታገናኝ የሃያ ዓመት ልጅ። ውሃው እየመጣ ነው ሲሏት ለየቤቱ ትደውላለች። እውነተኛ ታሪክ ነው።”

መጽሐፉ በመጨረሻ የደረሰው እትዬ ዘንድ ነበር። ስንሰበሰብ እንደ ወትሮው ዳር ይዘው ተቀመጡ።

“እኔ ብሆን እሸሽ ነበር” አለች ነርሷ። “ውሃ አንገቴ እስኪደርስ ስልክ አልደውልም።”

“መጽሐፍ ያልተጻፈልሽ ለዚህ ነው” አላት ባሏ፤ ተሳሳቅን።

“ልጅቷ አልሞተችም” አሉ እትዬ።

መጨረሻውን ያላነበቡ መስሎኝ “እትዬ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ እኮ ውሃ ይወስዳታል…” አልኩ።

“አንብቤዋለሁ፣ ልጄ። እኔ የምልሽ የሆነውን ነው። እዚያ የስልክ ቤት ወንበር ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።”

እትዬ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ ቀጠሉ።

“የከተማዋ ስልክ ከመቶ ብዙም አይበልጥም ነበር። ከወንዙ ዳር ጀምሬ ስደውል ቆየሁ። ሰባት ሲቀሩኝ ውሃው ደጃፉ ላይ ታየኝ። እናቴ ቤት ብቻዋን ናት፤ እግሯ አይታዘዝላትም፤ እኛ ቤት ደግሞ ስልክ የለም። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወለቅሁና ወጣሁ። እሷን አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ። ከሰባቱ አምስቱ ጎረቤት ጮሆላቸው ተረፉ። ሁለቱ አልተረፉም።”

“ከዚያስ?” አለች ነርሷ፣ ቀስ ብላ።

“ከተማው ወንበሯ ላይ እንዳለች ውሃ ወሰዳት ብሎ አለቀሰልኝ። እኔም አለሁ ብዬ አልተመለስኩም። ደራሲው የሰማውን ነው የጻፈው። ደግ ሰው ነው፤ ጀግና አድርጎ ገደለኝ።”

ፈገግ ሲሉ እንኳ ለመሳቅ የደፈረ አልነበረም። አራሚው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀኑንና ዓመቱን ይጠይቅ ነበር።

“እናትዎስ?” አላቸው።

“አሥራ አንድ ዓመት ኖረችልኝ። ጠዋት ጠዋት ስትስል እየሰማሁ እነቃለሁ፤ አለች ብዬ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው እነዚያ ሁለት ቤቶች ትዝ ይሉኛል። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ነው የነጋልኝ።”

“የእነማን ቤት ነበሩ?” አሉ ጋሽ ልብስ ሰፊው።

እትዬ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። “አንደኛው የሰዓት ጠጋኙ። ከሴት ልጁ ጋር ነበር የሚኖረው። ሌላኛው አዲስ የተጋቡ ልጆች ነበሩ። ስልክ ካስገቡ ሳምንት አልሞላቸውም፤ ቁጥራቸውን ገና በቃሌ አልያዝኩትም ነበር።” ይህን ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ኋላ ነገሩን።

“መጽሐፉን ባላመጣሁት ይሻል ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኩ።

“ምን አጠፋሽ? ልጅቷን እኮ ወድጃታለሁ። እንደሷ ብሆን ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ለሌላም ሰው ስጪው። ብቻ እውነተኛ ታሪክ ነው አትበይ።”

የዚያን ቀን እስኪመሻሽ አልተነሳንም። ነርሷ የእትዬን እጅ ይዛ ቀረች።

በሚቀጥለው ወር ተራው የእትዬ ነበር። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ በካርቶን የተለበጠ አሮጌ መጽሐፍ አመጡ።

“ይኼ ጀግና የለበትም” አሉ። “ከጦር ሜዳ ሸሽቶ ቤቱ የገባ ወታደር አለ። ልጆች ያሳድጋል፣ ጣሪያ ይጠግናል፣ ያረጃል። ደራሲው አልፈረደበትም፤ አላሞገሰውምም። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። እናንተ ደግሞ አንብቡትና ምን እንደምታስቡ ንገሩኝ፤ እኔ እስካሁን መወሰን አልቻልኩም።”

እኔ ጋ የደረሰው በሦስተኛው ሳምንት ነው። አንብቤ ስጨርስ እኔም መወሰን አቃተኝ፤ እሁድ ሄጄ እንደዚያው ነገርኳቸው።