የራሄል ፒያኖ ገመዶች

ራሄል ጎሬ ወደሚገኘው የአባቷ ቤት የተመለሰችው በዐቢይ ጾም አጋማሽ ነው። ከመቱ ያመጣት ሚኒባስ በሩ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የወረደው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ዕቃ ነበር። ቀጥሎ እሷ ወረደች፤ ፊቷ አብጦ፣ በእናቷ በእትዬ ሸዋርካብሽ ትከሻ ላይ ተደግፋ። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል። ጅማም አዲስ አበባም ሄዳ ታይታ ነበር፤ በመጨረሻ ሐኪሞቹ ከቤተሰቧ ጋር ብትሆን ይሻላል አሉ።

አባቷ ጋሼ ወልደ የሱስ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ካነጋገሯት አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። መቱ ለአስተማሪነት ተቀጥራ በሄደች በዓመቱ ጴንጤ ሆነች፣ ጭራሽ የጴንጤዎቹን ኳየር ፒያኖ የምትጫወተው እሷ ናት የሚል ወሬ ሲደርሳቸው፣ “ከእንግዲህ ልጅ የለኝም” ብለው ነበር። ያሉት ሰው ፊት ነው፤ ሰው ፊት ያሉትን ማጠፍ ደግሞ አይሆንላቸውም። የዚያን ዕለት ግን ቀረብ ብለው በሌላው ጎኗ ደገፏት።

ዕቃው ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደተጠቀለለ ሳሎን ጥግ ቆመ። ማንም አልነካውም። አንድ ጠዋት ራሄል ከመኝታ ክፍል ተጣራች።

“አባዬ፣ ፒያኖውን ታገናኝልኛለህ?”

“እኔ ስለሱ ምን አውቃለሁ?”

“እኔ እነግርሃለሁ። ከባድ አይደለም።”

ጋሼ ወልደ የሱስ ጠረጴዛ አምጥተው ከአልጋዋ ጎን አስጠጉና ፒያኖውን አጋደሙበት። ገመዶቹን ከከረጢት አውጥተው፣ ድሮ መዝገብ እንደሚደረድሩት፣ አንድ በአንድ በተርታ ዘረጓቸው።

“ቀጭኗ መብራት የምታስገባው የአዳፕተሩ ናት” አለች ራሄል። “ከኋላ በቀኝ በኩል ያለችው ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ሳሎን ያለው የዋይፋይ አዳፕተር እሷን ይመስላል፤ እንዳትሳሳት፣ ያቃጥለዋል። ሳታበራው በፊት ደግሞ ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀንሰው። ይቺ ክቧ ናት የድምፅ።”

“ይኼ እግር የሚረግጠውስ?”

“ፔዳል ነው። ከረገጥከው ድምፁ ቶሎ አይሞትም።”

ጋሼ ወልደ የሱስ ከመድኃኒቶቿ መሀል ነጭ ፕላስተር አንስተው ቆረጡና በእያንዳንዱ ገመድ ላይ ለጠፉ፤ በእስክሪብቶም “አንድ”፣ “ሁለት” እያሉ ጻፉበት። ራሄል ሳቀች። እቤት ከገባች ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

“እነዚህ ሁለቱ ቀዳዳዎች ወደ ትልቅ ስፒከር የሚሄዱ ናቸው። ከፊት ያለችው ትንሿ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ። እሷ ከተሰካች ያደረገው ሰው ብቻ ነው የሚሰማው፤ ወደ ውጭ አይወጣም።”

“እንግዲያው እሱ ይሁን” አሉ ፈጠን ብለው። “ጾም ነው። ጎረቤትም አለ።”

ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት የእድሩ ዳኛ አቶ ጭምዴሳ ነበሩ። ራሄል አባቷን አየቻቸውና ማዳመጫውን አቀበለቻቸው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። ጋሼ ወልደ የሱስ ድምፁን ይቀንሳሉ፣ ያበራሉ፣ ከላይ ከሚጫኑት በተኖች መሀል የፒያኖውን ድምፅ ይመርጣሉ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ያደርጉላታል። የቫዮሊኑና የኦርጋኑ ድምፅ በየትኛው በተን እንደሚመጣ፣ ዜማው ከፍ ብሎ ዘማሪው ሲከብደው በየትኛው ዝቅ እንደሚደረግለት ሁሉንም ለዩ። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ይላሉ። የሚሰሙት የቁልፎቹን ደብ ደብ ብቻ ነው። ልጃቸው ዓይኗን ጨፍና ጣቶቿ ሲሄዱ፣ ከንፈሯም ሲንቀሳቀስ ያያሉ፤ ምን እየተጫወተች እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቁም።

ሆሳዕና ደረሰ። በሕማማት ሳምንት ፍትሐት ስለሌለ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ አስቀድሞ የሚደገመው በዚያን ዕለት ነው። ጋሼ ወልደ የሱስ ቤተ ክርስቲያን ከሕዝቡ መሀል ቆመው ሲሰሙ ስሟን በልባቸው ጠሩ። ወዲያው ደነገጡ። ልጃቸውን በቁሟ ከሙታን ጋር ቆጠሯት። ጸሎቱ ሳያልቅ ወጥተው ወደ ቤታቸው ገሰገሱ።

ሰኞ ጠዋት ራሄል ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሊያደርጉላት ሲሉ እጃቸውን ያዘች።

“አባዬ፣ ዛሬ ብንነቅለውስ? አንድ መዝሙር ብቻ። አንተ እንድትሰማው ነው።”

ጋሼ ወልደ የሱስ ወደ ግድግዳው ተመለከቱ።

“ሰሙነ ሕማማት እኮ ነው ልጄ። ፋሲካ ይግባና እንሰማለን።”

በአራት ዓመት ውስጥ “ልጄ” ሲሏት ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ራሄል “እሺ” አለችና ማዳመጫውን ራሷ ተቀብላ አደረገች።

ማክሰኞ ጣቶቿ አብጠው አልታዘዝ አሏት። ረቡዕ ሰው መለየት አቃታት። ሐሙስ ረፋዱ ላይ አረፈች። እትዬ ሸዋርካብሽ ዓይኗን ከከደኑላት በኋላ ወደ ባላቸው ዞረው፣ “አንድ ነገር ለመነችህ” አሉ።

ከሰዓት በኋላ ኳየሩ ከመቱ መጣ፤ ትልቅ ስፒከርም ይዘዋል። መሪያቸው ጉርሙ የሚባል ጎልማሳ ነው። ጋሼ ወልደ የሱስን ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ “ጃባዳ ጋሼ፣ በርቱ” ካላቸው በኋላ እየፈራ ጠየቃቸው።

“ሳንዘምርላት መሸኘት አልቻልንም። ካልፈቀዱ ግን መቃብሩ ጋ እናደርገዋለን።”

ጋሼ ወልደ የሱስ ወደ ውስጥ ገቡ። ፒያኖውን ብቻቸውን ተሸክመው ወጡና በረንዳው ላይ፣ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ አኖሩት። ተንበርክከው የፕላስተሮቹን ቁጥር እያዩ ገመዶቹን፣ የትልቁንም ስፒከር ጭምር፣ ሰኩ። ጉርሙ ሊያግዛቸው ጎንበስ ሲል በእጃቸው መለሱት። አቶ ጭምዴሳ ከለቀስተኛው መሀል ተነስተው መጡ።

“ወልደ የሱስ፣ ምን ነካህ? ጸሎተ ሐሙስ እኮ ነው!”

“አውቃለሁ” አሉ ጋሼ ወልደ የሱስ። ክቧን ይዘው ድምፁን እስከ ጥግ ከፈቱት።

ጉርሙ ተጫወተ፤ ኳየሩ እያለቀሰ ዘመረ። ከለቀስተኛው ግማሹ ተነስቶ ወጣ። ጋሼ ወልደ የሱስ ፒያኖው አጠገብ እንደ ቆሙ እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ዓይናቸውን ከጉርሙ ጣቶች ላይ አልነቀሉም። ዝማሬው ሲያበቃ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው በቀስታ ጠየቁት።

“እሷም እንዲህ ነበር የምትጫወተው?”

ጉርሙ ሊዋሽላቸው ፈልጎ ነበር። ፊታቸውን ሲያይ አልቻለም።

“አይ፣ ጋሼ። የእሷ አጨዋወት ሌላ ነበር። በቃል ልነግርዎት አልችልም።”

ጋሼ ወልደ የሱስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዎቹ ሳጥኑን ሊያነሱ ሲመጡ እሳቸውም በእግሯ በኩል ያዙ።